የመዓዛ ሐቅ በባልና ሚስት መካከል

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ በየቤቱ የሚታሰብ፣ በአደባባይ ግን የማይነገር ነው። እርሱም ጠረን ነው። ባልና ሚስት የሚቀራረቡበትም፣ ቃል ሳይለዋወጡ የሚራራቁበትም አንዱ ምክንያት ይኸው የአፍንጫ ነገር ነው። ሚስት «ፊቱን አዞረብኝ» ትላለች፤ ባል «ቤቴ አልሞቀኝም» ይላል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሁለቱም «አልተስማማንም» ይላሉ እንጂ ምክንያቱን ለማውጣት ያፍራሉ። በእፍረት የተሸፈነ ምክንያት ደግሞ መፍትሔ አያገኝም። በመሆኑም ሐያእ የእምነት ክፍል መሆኑን ሳንረሳ፣ በቤተሰብ ፊት ሊነገር በሚገባው ልክ ጉዳዩን እንመለከተዋለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ መዓዛ በሰው ልብ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? ከእኛስ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

የሥራ ሽታ ነውር አይደለም

ነገሩን ከምናውቀው አገር እንጀምረው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ውሃ በሚተኛበት መሬት ሩዝ ይበቅላል፤ በበጋ ደግሞ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። የፎገራ ላምም በወተቷ የታወቀች ናት።

በዚህ አገር ሠርቶ የሚያድር ሰው ሽታ ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱ አይቀርም። ከሩዝ ማሳ የወጣው የጭቃውን፣ ውሃ ሲስብ የዋለው የሞተሩን ነዳጅ፣ ሽንኩርት ሲነቅልና ሲጭን የዋለው የሽንኩርቱን፣ ከብት ጠባቂው የበረቱን ሽታ ይዞ ይገባል። ሴቲቱም የኩበትና የእንጨት ጭስ፣ የወጥ ቁሌት፣ የራስ ቅቤ ሽታ አላት። ይህ ሁሉ ነውር አይደለም፤ ሐላል የሆነ እንጀራ ሽታ ነው። በእጁ ሠርቶ የሚበላን ሰው ሃይማኖታችን ያከብረዋል። ነውር የሚሆነው የማሳውን ሽታ መኝታ ቤት ድረስ ይዞ መግባትና «እኔ የደከምኩ ሰው ነኝ፤ ቻይው» ማለት ነው። ያቺም ሴት ደክማ ነው የዋለችው።

አፍንጫ የልብ ጎረቤት ነው

አላህ በአፍንጫችን ውስጥ ያስቀመጠው ጥበብ የሚያስደንቅ ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሥራ ሽታን የሚቀበሉት የአፍንጫ ሕዋሳት እንዴት እንደሚሠሩ አሳዩ፤ በ2004 ለዚሁ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሰው አፍንጫ ውስጥ የሚሠሩ ሽታ ተቀባዮች 400 ያህል ዓይነት ናቸው። እያንዳንዱ ሽታ ከእነዚህ መካከል የተወሰኑትን በአንድ ጊዜ ስለሚነካ፣ ልክ ከጥቂት ፊደላት ብዙ ቃላት እንደሚወጡ ሁሉ፣ እጅግ ብዙ ሽታዎችን እንለያለን።

ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ሽታ ወደ አንጎል የሚገባበት መንገድ ነው። ስሜትና ትዝታ ወደሚኖሩበት የአንጎል ክፍል እጅግ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ከመተማና ከቋራ ቆላ የመጣ ዕጣን በቡና ፍም ላይ ሲወድቅ፣ ባዕድ አገር ያለ ሰው ሳያስበው የእናቱን ቤት የሚያስታውሰው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃንም በጥቂት ቀናት ውስጥ የእናቱን ጡት በጠረኗ ከሌላ ሴት ይለያል። ገና ፊቷን አጥርቶ ሳያይ በአፍንጫው አወቃት ማለት ነው።

ይህን ስናስብ በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የተተረከልን ታሪክ ትዝ ይለናል። ልጃቸውን ያጡት ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ)፣ የዩሱፍን ቀሚስ የያዘው ቅፍለት ከግብፅ ሲነሣ ገና ከሩቅ የልጃቸው መዓዛ እንደመጣላቸው ተናገሩ። በዙሪያቸው የነበሩት አላመኗቸውም። ያ በአላህ ፈቃድ የሆነ ተአምር ነው። ሆኖም የአንድ ሰው ጠረን በወዳጁ ልብ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ያስተምረናል።

ላብን በተመለከተም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ለማቀዝቀዝ ከመላ ሰውነታችን የሚወጣው ላብ አብዛኛው ውሃና ጨው ነው። በብብትና በጉያ አካባቢ ግን ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደረስ ሥራ የሚጀምሩ ልዩ ዕጢዎች አሉ። ከእነርሱም የሚወጣው ፈሳሽ ትኩስ እንዳለ እምብዛም አይሸትም። ጠረን የሚያመጡት በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ያንን ፈሳሽ ሲሰባብሩት ሽታው ይወጣል። ስለዚህ ገላን ሳይታጠቡ ሽቶ መርጨት ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን መሸፈን ነው። ያደረ ላብና ሽቶ ሲቀላቀሉ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ሽታ ይወልዳሉ።

ፌሮሞን የተባለው ምንድን ነው?

በአሁኑ ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚለቀቁት ማስታወቂያዎች መካከል «ፌሮሞን ያለበት ሽቶ» የሚሉ ይገኙበታል። «ይህን የቀባ ሰው ማንንም ይስባል» ይላሉ። እስቲ ነገሩን ከምንጩ እንየው።

የፎገራ ከብት አርቢ ይህን ከመጽሐፍ አይማረውም። ላም ኮርማ ስትፈልግ ኮርማው ሽንቷን ያሸታል፤ ከዚያም አንገቱን ቀና አድርጎ የላይኛ ከንፈሩን ወደ ላይ ይገለብጣል። ላላወቀ ሰው የሚስቅ ይመስላል። ኮርማው የሚያደርገው ግን ሽታውን በላንቃው በኩል ወዳለ ልዩ አካል ማስገባት ነው። ያ አካል የላሟን ሁኔታ ይነግረዋል፤ ኮርማውም ወዲያው ይከተላታል። ምርጫ የለበትም፤ ታዟል።

እንዲህ ከአንዱ እንስሳ ወጥቶ በዚያው ዘር ባለ ሌላ እንስሳ ላይ የተወሰነ ጠባይ ወይም ለውጥ የሚያመጣ ቅመም «ፌሮሞን» የሚል ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስሙን ያወጡት ፒተር ካርልሰንና ማርቲን ሉሸር የተባሉ ምሁራን ናቸው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አዶልፍ ቡቴናንት ወንዱን የሐር ትል ቢራቢሮ ወደ ሴቷ የሚጠራውን ቅመም ለይተው አሳወቁ። ለዚህም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴት ቢራቢሮዎች አስፈልገዋቸዋል። ቅመሙ ከእያንዳንዷ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነበርና።

ታዲያ ሰውስ? ሰውም እንዲህ ነውን? ኮርማው የሚጠቀምበት ያ ልዩ አካል በአዋቂ ሰው ላይ ምልክቱ ብቻ የቀረ እንጂ የሚሠራ አይደለም። መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች አልተገኙም፤ ለሥራው የሚያስፈልጉ ዋና ዋና ዘረመሎችም በሰው ዘንድ ተበላሽተው ነው የሚገኙት። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊቷ ማርታ ማክሊንቶክ አብረው የሚኖሩ ሴቶች የወር አበባቸው ይቀራረባል የሚል ጥናት አወጡ፤ ብዙ ተወራለት። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አላጸኑትም። በ1995 ደግሞ በስዊዘርላንድ ክላውስ ቬዴኪንድና ባልደረቦቻቸው 44 ወንዶችን ሁለት ሌሊት አንድ ካናቴራ አስለብሰው፣ 49 ሴቶችን ካናቴራዎቹን አሸተቱ። ብዙዎቹ ሴቶች የመረጡት በሽታ ለመከላከል የሚያገለግለው ዘረመሉ ከእነርሱ የተለየውን ወንድ ጠረን ነበር። ነገሩ ትኩረት የሚስብ ነው፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን እርስ በርስ አልተስማሙም። በኦክስፎርድ የሚገኙት ትሪስትራም ዋያት በ2015 የእስከዚያ ጊዜውን ምርምር መርምረው፣ የሰው ፌሮሞን ተብለው በገበያ ስማቸው የሚጠራው ቅመሞች አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌላቸው ጽፈዋል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦ የሰው ጠረን ስሜትን ይነካል፤ ያቀርባል፤ ያርቃል። ነገር ግን እንደ ኮርማው ሰውን የሚያዝ ቅመም በጠርሙስ ታሽጎ አልተገኘም። «ማንንም የሚስብ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚስበው ኪሳችሁን ነው።

መስተፋቅርና ጠርሙስ

አንዲት እህት ባሏ ሲቀዘቅዝባት ወደ ጠንቋይ ሄዳ መስተፋቅር ብታሠራ፣ ሁላችንም «ይህ ሲሕር ነው፤ ኢማን ያጠፋል» እንላታለን፤ ልክም ነን። የሌላው ስሙ ሳይንስ ስለሆነ ብቻ ዝም የምንለው ለምንድን ነው? ሁለቱ በሸሪዓ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም፤ አንዱ ከባድ ወንጀል ሲሆን ሌላው የገበያ ማታለል ነው። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ሐሳብ አለ። እርሱም «የባሌን ልብ እርሱ ሳያውቅ፣ ሳልጠይቀው፣ ሳላናግረው እገዛዋለሁ» የሚለው ነው። ልብን የሚገለባብጠው አላህ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ከከብት የተለየው ሽታ አዞት የሚሄድ ባለመሆኑ ነው። ያያል፣ ያስባል፣ ይመርጣል፣ ይስማማል፤ ከዚያም በምስክር ፊት ኒካሕ ያስራል። ጠረን ብቻ ትዳር ቢያቆም ኖሮ ቃል ኪዳን ባላስፈለገ ነበር። ስሜቱ ቢቀዘቅዝም በአማናው የሚጸናው ሰው ነው እንጂ ኮርማ አይደለም።

ዝባድ ያስተማረን

ስለ መዓዛ ሲነሣ አገራችን በዓለም የታወቀችበት ነገር አለ፤ ዝባድ ነው። ዝባድ ጥሪኝ የተባለው የዱር እንስሳ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚያወጣው ቅባት ነው። ጥሪኝ ይህንን በግንድና በጉቶ ላይ እያሸ «ይህ የእኔ ክልል ነው» ብሎ ለመሰሎቹ ያሳውቅበታል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በጂማና በኢሉባቦር አካባቢ፣ ብዙ ሙስሊም ገበሬዎች ጥሪኝ አጥምደው በጎጆ ውስጥ እየያዙ ዝባዱን በቀንድ አጠራቅመው ሲሸጡ ኖረዋል። ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ የኖረው አብዛኛው ዝባድ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው።

የፎገራ አካባቢም ከዚህ ታሪክ የራቀ አይደለም። ከወረታ በስተሰሜን ያለው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ ገበያ ነበር፤ በአቅራቢያው ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከጎጃም ዐባይን ተሻግሮ በጣና ምሥራቅ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣው የንግድ መንገድ በዚህ አገር ያልፍ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚደርሰው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው።

ዝባድን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይነግራችኋል። ንጹሑ ዝባድ ጠርሙስ ሲከፈት ያስነጥሳል፤ ይከረፋል። በብዙ ሲቀጠን ግን ሞቅ ያለ መልካም መዓዛ ይሆናል፤ ሌሎች ሽቶዎችንም ሳይጠፉ ያቆያል። ሊዮፖልድ ሩዢችካ የተባሉት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባዱን ዋና ቅመም ባሕርይ ገለጡ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ዛሬ ሽቶ ፋብሪካዎች በአብዛኛው በሰው ሠራሽ ይጠቀማሉ፤ ጥሪኝ በጠባብ ጎጆ ሲሠቃይ ለኖረበትም እፎይታ ነው። ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት ግን ልክ ነው። ከልክ ያለፈ መዓዛ ይገፋል። ግማሽ ጠርሙስ ሽቶ አርከፍክፎ መስጂድ የሚገባ ወንድም በጎኑ የቆመውን ራሱን ያሳምመዋል።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንዴት ነበር?

መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ነገር እንዲወዱ ከተደረጉት መካከል ሽቶ እንደሚገኝበት ነሳኢ ዘግበዋል። ሽቶ ሲሰጣቸው አይመልሱም ነበር። ለኢሕራም ከመግባታቸው በፊት በእጇ ሽቶ ትቀባቸው የነበረችው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መሆኗን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እነሆ በዚያ ቤት ውስጥ ሽቶ በድብቅ የሚደረግ ተንኮል ሳይሆን፣ ሚስት በእጇ ለባሏ የምታቀርበው ፍቅር ነበር።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ዓኢሻ መልዕክተኛው ወደ ቤት ሲገቡ በምን እንደሚጀምሩ ተጠይቀው፣ በሲዋክ እንደሚጀምሩ ተናግረዋል። ወንድሞቻችን ሆይ! ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰው ጥርሱን የሚፍቀው ለእንግዳ፣ ለስብሰባ፣ ለመንገድ ነው። እርሳቸው ግን ከውጭ ሲመለሱ ለቤተሰባቸው አፋቸውን ያጠሩ ነበር። የወይራ መፋቂያ በፎገራ ገበያ ምን ያህል ያወጣል? ድህነት ለዚህ ምክንያት አይሆንም።

ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) ሚስታቸው ለእርሳቸው እንድታጌጥ እንደሚወዱ ሁሉ፣ እርሳቸውም ለእርሷ ማጌጥ እንደሚወዱ መናገራቸው ተወስቷል። ማስረጃቸውም ሴቶች ግዴታ እንዳለባቸው ሁሉ መብትም አላቸው የሚለው የቁርኣን ትምህርት ነው። ከሰፈር የሚመለስ ሰው በሌሊት በድንገት ቤቱ እንዳይገባ፣ ሚስት ተዘጋጅታ እንድትቀበለው ጊዜ እንዲሰጣት መታዘዙም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ወረታ የመኪና መንገድ መገናኛ ናት። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሽንኩርት ጭኖ የሚሄደው ነጋዴ ዛሬ ስልክ በኪሱ አለ። «ልደርስ ነው» ብሎ መደወል አዲስ ዘመን ያመጣው ሱና ማክበሪያ ነው።

ሽንኩርት አምራች ለሆነው ወገናችንም አንድ ነገር እንበል። ጥሬ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ የታዘዘው በሽታው ሰጋጆችን እንዳያውክ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) መብላት የፈለገ ሰው አብስሎ ሽታውን እንዲያጠፋው መክረዋል። መብላቱም ማምረቱም ሐላል ነው፤ የተከለከለው ሌላውን ማስቸገር ነው። በመስጂድ አጠገባችን የሚቆመው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይህን ያህል ሐቅ ካለው፣ ዕድሜዋን ሙሉ አጠገባችን የምትተኛው ሴት ምን ያህል ሐቅ ይኖራት ይሆን?

እህቶቻችን ደግሞ ከቤት ሲወጡ መንገደኛው ሁሉ እንዲያሸታቸው ሽቶ ተቀብተው ማለፍ በሐዲስ ተከልክሏል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ይህ ማለት ግን ንጽሕናን መተው ማለት አይደለም። ገላን መታጠብ፣ ንጹሕ ልብስ መልበስ፣ የብብት ጠረንን መከላከል ከቤት ሲወጡም ሲገቡም የሚገባ ነው። ለመንገዱ ሽቶ እየተቀቡ ለቤት ግን በወጥ ልብስ መቅረት፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ሸክሙ ለማን ነው?

በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ሴቶች የወይባ ጭስ መሞቅ የቆየ ልማድ ነው። ወይባ የተባለው ዛፍ እንጨት በፍም ላይ ይጨሳል፤ ሴቲቱም በጋቢ ተሸፍና ጭሱን ትሞቃለች፤ ገላዋ መዓዛ ይይዛል፤ ቆዳዋም ቢጫ ቀለም ያወጣል። ሙሽራ ትሞቀዋለች፤ አራስም ትሞቀዋለች። ጎረቤቶቻችን ሱዳናውያንም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ «ዱኻን» ይሉታል። ወድዳ ለምታደርገው ሴት ደስታዋ ነው፤ አንከለክላትም። ያረገዘች ሴት ግን ከብርቱ ሙቀትና ከጭስ ብትጠነቀቅ ይሻላታል። «ባል እንዳይሄድብሽ» ተብላ በፍርሃት የምታደርገው ከሆነ ግን ቆም ብለን መጠየቅ አለብን። ስንት ወንድ ነው ለሚስቱ ሲል ሙቅ ውሃ ያስፈላ?

መታጠብ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በጀሪካን የሚመጣበት ቤት ደግሞ የሚያመጣው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እርሷ ናት። ስለዚህ ሚስቱ እንድትጸዳለት የሚፈልግ ባል መጀመሪያ ጀሪካኑን ያንሣ። ትችት ከመናገር ውሃ መቅዳት ይቀድማል።

ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ አባወራ ደግሞ ልብሱን ለውጦ፣ እጁንና ፊቱን በሳሙና ታጥቦ ነው ልጁን ማቀፍ ያለበት። ያ ሽታ መጥፎ ጠረን ብቻ ሳይሆን መርዝ ነው። የረጨበትንም ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ለይቶ ያሳጥበው።

እህቶችም ከዚህ ይጠንቀቁ፦ ሽቶ፣ ሽታ ያለው ሳሙናና ቅጠላ ቅጠል ወደ ማሕፀን በር ማስገባት ጉዳት አለው። አላህ ያንን ቦታ ራሱን እንዲያጸዳ አድርጎ ነው የፈጠረው። በዚያ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲጠፉ ሽታና ኢንፌክሽን ይብሳል። ከውጭ በኩል በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

ጠረን ሕመም ሲሆን

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። መታጠብ የማያስወግደው ሽታ አለ። የተበላሸ ጥርስና የታመመ ድድ አፍን ያሸታል፤ የአፍንጫና የጉሮሮ ቁስልም እንዲሁ። ያልተለመደ ሽታ ያለው ፈሳሽ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚታከም ነው እንጂ የሚፋቱበት አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ፊስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲጠናባት፣ በተለይ ሰውነቷ ሳይጠና የተዳረች ልጅ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛዋን ለረጅም ጊዜ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ሞቶ ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ብዙውን ጊዜ ልጁም ይሞታል። ልጇን ያጣችው፣ ገላዋ የተጎዳባት ይህች እህት በዚያ ላይ «ትሸቻለሽ» ተብላ ከባሏ አልጋ፣ ከጎረቤት ቡና፣ ከዘመድ ሠርግ ትገለላለች። ጓዳ ተዘግቶባት የኖረች አለች፤ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችም አለች። ጥፋቷ ምንድን ነው? መውለዷ ነውን?

ይህ ሕመም ይታከማል። ሬጂናልድና ካተሪን ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በ2005 ደግሞ በባሕር ዳር የፊስቱላ ሕክምና ማእከል ተከፈተ። ከወረታ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ሕክምናው በነጻ ይሰጣል። ካተሪን ሐምሊን በ2020 ዓለምን እስከተለዩበት ጊዜ ድረስ ሕይወታቸውን ለዚሁ ሥራ ሰጥተዋል። አባወራ ሆይ! ሚስትህ እንዲህ ሆና ከሆነ፣ አፍንጫህን ይዘህ ከምትሸሽ እጇን ይዘህ ባሕር ዳር አድርሳት። ወላጆችም ሆይ! ልጃችሁን ሳትደርስ አትዳሩ። የአገራችን የቤተሰብ ሕግም የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ምጥ ሲጠናም ወደ ጤና ተቋም ለማድረስ አትዘግዩ።

እንዴት እንናገረው?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ቁርኣን ባልና ሚስትን አንዱ ለሌላው ልብስ መሆናቸውን አስተምሮናል። ልብስ ገመናን ይሸፍናል፤ ለገላም ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ጠረንን የሚይዘውም እርሱ ነው። እንግዲህ የባልን ወይም የሚስትን ጠረን ከሰው ሁሉ በፊት የሚያውቀው የትዳር ጓደኛ ነው፤ ሸፍኖ መያዝ የሚገባውም እርሱ ነው። የሚስቱን ሽታ ለጓደኞቹ እያወራ የሚስቅ ባል ልብሱን በአደባባይ ያወለቀ ሰው ነው። የባሏን ጠረን ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤት የምታወራ ሚስትም እንደዚሁ ናት።

መናገር ግን ይገባል። ቢቻል በመናገር ፈንታ በማድረግ ይጀመር። ውሃውን አሙቆ «ና፣ ድካምህን ላስለቅቅልህ» ማለት፣ ንጹሕ ልብስ አውጥቶ ማስቀመጥ፣ መፋቂያ ገዝቶ ለሁለት መጠቀም፣ አዲስ ሽቶ ስጦታ ማምጣት፤ ይህ ሁሉ ያለ ቃል ይናገራል። ቃል ካስፈለገም ለብቻ፣ በእርጋታ፣ ከፍቅር ንግግር በኋላ እንጂ በቁጣ መካከል አይሁን። የተነገረው ወገንም እንደ ስድብ አይቁጠረው። ዝም ብሎ አልጋ ከሚለይ የሚናገር ይሻላል። በጤናው የጠረጠረ «አብረን እንመርመር» ይበል እንጂ «ሂጂ ተመርመሪ» አይበል።

ለወጣቶቻችንም የምንለው አለን። ለትዳር ስትፈላለጉ በአንድ ጠርሙስ ሽቶ የሚገዛ ልብ አትፈልጉ። እርሱ እንደ ጠርሙሱ ያልቃል። የመልካም ጓደኛን ምሳሌ መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) በሚስክ ሻጭ መስለውታል፤ ባይሰጥህ ትገዛዋለህ፣ ባትገዛው እንኳ መዓዛው ይደርስሃል በሚል መልክ። ከትዳር ጓደኛ የበለጠ ቅርብ ጓደኛ ደግሞ የለም። ሰው ከዓመታት በኋላ የትዳር ጓደኛውን ጠረን የሚወደው በቅመሙ ኃይል ብቻ አይደለም። በዚያ ጠረን ውስጥ የታመመ ጊዜ የተደረገለት እንክብካቤ፣ የተካፈሉት ሱሑር፣ የሳቁት ሳቅ ስላለበት ነው። መዓዛ ልብን አያዝዝም፤ ያኖርንበትን ደግነት ግን አይረሳም።

አላህ ቤቶቻችንን በመዋደድና በእዝነት ይሙላልን። የታመሙትን ያሽርልን፤ የተራራቁትን ያቀራርብልን። ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።